ለግል ሰልጣኞች ብረት ስናሠራ፦ ጉልበት ለሚያመው፣ ወገብ ለሚያመው፣ ግፊት ላለበት የቱ ይመረጥ?

አዲስ አሠልጣኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጂም ውስጥ በግል የሚሠለጥኑ ሰዎችን እይዛለሁ። ጤነኛ ወጣት ማሠራት አይከብደኝም፤ ያስጨነቁኝ ሰሞኑን የመጡት አራት ሰዎች ናቸው።

አንዷ የ54 ዓመት እናት ናቸው። ደረጃ ሲወርዱና ከዱካ ሲነሱ ሁለቱም ጉልበታቸው ያማቸዋል። ሐኪም ራጅ አይቶ "መገጣጠሚያው መሳሳት ጀምሯል፣ ስፖርት ይሥሩ" ብሏቸዋል። ሁለተኛው የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ 38 ዓመቱ፤ አዲስ አበባ ደሴ ይመላለሳል። ወገቡን ያመዋል፣ ሕመሙ ግን ወደ እግሩ አይወርድም። የሚመቸው ጠዋት 12 ሰዓት ብቻ ነው። ሦስተኛው ጋሼ 47 ዓመታቸው ሲሆን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። አራተኛው የ22 ዓመት ልጅ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ቤንች (አግዳሚ ላይ ተኝቶ ብረት መግፋት) ይሠራል፣ አሁን የትከሻው ፊት መጠዝጠዝ ጀምሯል።

ያለን ዕቃ ሁለት ባርቤል (በሁለት እጅ የሚያዝ ረጅም ብረት)፣ ብረታ ብረት ቤት የተሠሩ ዲስኮች (ባርቤሉ ጫፍ ላይ የሚገቡ ክብ ብረቶች)፣ እስከ 20 ኪሎ የሚደርሱ ደምቤሎች (በአንድ እጅ የሚያዙ አጭር ብረቶች)፣ አንድ ቤንችና አንድ የኬብል ማሽን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ 50 ደቂቃ ይመጣሉ። አንዱ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ጉልበት ያበላሻል ይላል፣ ሌላው ያለ ስኳት ስፖርት የለም ይላል። ሳልጎዳቸው፣ ግን ለውጥ የሚያዩበትን እንዴት ልምረጥ? ሁዳዴም እየደረሰ ነው።

ዳሌ ይቅደም

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ "ስኳት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ" የሚለውን ክርክር ተወው። ከወንበር መነሳትም ስኳት ነው፣ መቶ ኪሎ ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ ማለትም ስኳት ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ እርከን አለ። ያንተ ሥራ ሰውየው ዛሬ የትኛው እርከን ላይ እንደቆመ ማወቅ ነው።

ብረት ከማስነካትህ በፊት በወረቀት ጠይቅ፦ ደረት ላይ ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም ማዞር፣ የልብ ችግር፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጉዳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ለሴቶች እርግዝና። ደረት ያመኛል ወይም ራሴን ስቼ አውቃለሁ ያለ ሰው ሐኪም ሳያየው አይጀምርም። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያለ ክብደት እያቸው። 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ወንበር እጅ ሳይጠቀሙ አምስት ጊዜ ይነሱ። በአንድ እግር አሥር ሰከንድ ይቁሙ። ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያንሱ፤ ወገባቸው ከግድግዳው እየራቀ ከተለመጠ ከራስ በላይ የሚገፋ ብረት ገና ነው። በመጨረሻ ዱላ ጀርባቸው ላይ አድርገህ ከዳሌ መታጠፍ (ጀርባ ሳይጎብጥ መቀመጫን ወደ ኋላ ገፍቶ ማጎንበስ) ይችሉ እንደሆነ ተመልከት።

ልምምዱን በጡንቻ ስም አትምረጥ፣ በእንቅስቃሴ ምረጥ። ቁጭ ብድግ፣ ከዳሌ መታጠፍ፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ተሸክሞ መሄድ። ከእያንዳንዱ አንድ ይበቃል፤ አንድ የሆድና የወገብ ልምምድ ስትጨምር 50 ደቂቃው ሞላ።

ከሁለት እኩያ ልምምዶች አንዱን ስመርጥ ቀድሜ የማየው ሲያቅተው ብረቱ የት እንደሚወድቅ ነው። ባርቤል ቤንች ላይ ለብቻው የተኛ ሰው ሲያቅተው ብረቱ ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ነው የሚያርፈው፤ በደምቤል ቢሆን ወደ ጎን ይለቀዋል። ባርቤል ትከሻ ላይ ጭኖ ስኳት የሚሠራ ጀማሪ ታች ላይ ሲቀር ወደፊት ይደፋል፤ አንድ ደምቤል ደረቱ ላይ ያቀፈ ሰው ግን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ለአራቱም ሰዎችህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚበጃቸው ይኸኛው ዓይነት ነው። በዚያ ላይ ክብደቱ ከፊት መሆኑ ሚዛን ስለሚሰጥ ደረታቸው ቀና ይላል።

ደምቤል ያቀፈው ስኳት ሲሠራ እግር በትከሻ ስፋት ይሁን፣ ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ይዙሩ፣ ጉልበት ወደ እግር ጣቶች አቅጣጫ ይሂድ። ተረከዝ ከተነሳ ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ስለማይታጠፍ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ተረከዙ ሥር አድርግለት። የጥልቀቱ ወሰን የወገብ ግርጌ ወደ ውስጥ መጠቅለል የሚጀምርበት ቦታ ነው። ከዚያ በታች አታስወርደው።

መጠኑ ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ዙር፤ ሲያቆም ሌላ ሁለት ወይም ሦስት መሥራት የሚችል መሆን አለበት። ሦስቱንም ዙር 12 አድርሶ በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን ሳይበላሽ ከሠራ ለእጅና ደረት ከ1 እስከ 2.5 ኪሎ፣ ለእግር ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ጨምር። አንዴ ብቻ የሚነሳ ትልቅ ክብደት ማስሞከር ለእነዚህ ሰዎች አያስፈልግም። ለአንተም የሚነግርህ ጠቃሚ ነገር የለም።

ፊዚዮ ሸዋ

እኔ የጉልበቱንና የወገቡን ልውሰድ።

እናታችን ደረጃ ሲወርዱ የሚያማቸው፣ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር የጉልበት ሎሚና የጭን አጥንት የሚጫኑበት ኃይል ስለሚጨምር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትቀንሰው ጥልቀቱን ነው፤ ልምምዱን አታስቀር። ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ አጣጥፈህ ከፍታውን 52 ወይም 55 ሳንቲ ሜትር አድርሰው። በሦስት ሰከንድ ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ ሳይዘረፈጡ ነክተው ይነሱ። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ብርድ ልብሱን አንድ እጥፍ ቀንስ። ጎን ለጎን በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት፣ ተረከዝ ማንሳት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መውጣት ይጨመር። መውጣቱ ከመውረዱ ይቀላል፤ በቀስታ መውረድን የመሰለ ልምምድ ከአንድ ወር በኋላ ይምጣ።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር እንዲሰጡት አስለምዳቸው። በሥራ ላይ እስከ 3፣ ቢበዛ 4 ከሆነ ይቀጥላሉ፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት መመለስ አለበት። ጉልበቱ በማግስቱ ካበጠ ወይም ከበረታ ያለፈው ቀን መጠን በዝቷል ማለት ነውና ከዙሩ አንዱን ቀንስ፣ ወንበሩንም አንድ እጥፍ ከፍ አድርገው። "ትንሽ ስላመመ ይተው" ብሎ ማስቆም ጡንቻውን ያሰንፈዋል፣ ጉልበቱም የባሰ ጭነት ይቀበላል። ክብደታቸው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ይህን ንገራቸው፦ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጭነት አራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል።

ሹፌሩ ላይ ሰዓቱን ተጠንቀቅ። ሌሊት በተኛንበት የአከርካሪ ዲስኮች ውኃ ስለሚስቡ ያብጣሉ፣ በተነሳን በመጀመሪያው ሰዓት ወገብ ሲታጠፍ ውጥረቱ ከፍተኛ ነው። 12 ሰዓት ላይ የሚሠራ ከሆነ 11 ሰዓት ተነስቶ ይንቀሳቀስ፤ ሲደርስም አሥር ደቂቃ አራምደው። እግር ጣት መንካት፣ ሲት አፕ፣ ከወገብ መጠማዘዝ ከፕሮግራሙ ይውጡ። በነሱ ቦታ የወገብ ተመራማሪው ካናዳዊ ስቱዋርት ማክጊል ያስለመዳቸውን ሦስቱን አስገባ፦ በጀርባ ተኝቶ አንድ ጉልበት አጥፎ፣ እጅን ወገብ ሥር አድርጎ ራስንና ትከሻን ከመሬት ጥቂት ብቻ ማንሳት፤ የጎን ፕላንክ (በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) በጉልበት ተደግፎ፤ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ተቃራኒ እጅና እግር መዘርጋት። እያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ተይዞ ይለቀቅ። ድግግሞሹን በመጀመሪያው ዙር 6፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 2 አድርገው።

ከዚያ በዱላ ከዳሌ መታጠፍን አስተምረው። ዱላው ሦስት ቦታ ይነካል፤ ጭንቅላት፣ የላይኛው ጀርባና የወገብ ግርጌ አጥንት። ሲታጠፍ ከሦስቱ አንዱ ከተለየ እዚያው ላይ ቁም፤ የዕለቱ ወሰኑ እሱ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉልበቱን ትንሽ አላልቶ 8 ወይም 10 ኪሎ ደምቤል በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጉልበቱ በታች ይውረድ።

ሌላው ከጂም ውጭ ያለው ነው። ሰዓታት ሙሉ ተቀምጦ ነድቶ መኪናውን እንዳቆመ ጭነት ካወረደ አንተ የምትሠራው ሁሉ ውኃ በላው። ከወረደ በኋላ አምስት ደቂቃ ይራመድ፣ ከዚያ ይሸከም።

ጭኖቹ መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ እግሩ እየሰነፈ ከሄደ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ሌሊት የሚብስና በምንም አተኛኘት የማይተው ሕመም፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳትም የአሠልጣኝ ጉዳይ አይደሉም።

ጣርማ በር

ወገብ ለሚያመው ሰው የዴድሊፍት (አጎንብሶ ብረት ከመሬት ማንሳት) ዘር ማሠራት አልስማማበትም። ከ40 በላይ ለሆነ ሰውም እንዲሁ። በኬብል ማሽን ጀርባውን አጠንክሮ፣ ለእግሩ ብስክሌት ቢሰጡት ይበቃዋል።

ዳሌ ይቅደም

@ጣርማ በር ስጋትህ ይገባኛል፣ ግን ሰውየው ቤቱ ሲሄድ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከመሬት ያነሳል፣ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ያነሳል። ያን ማንም አልከለከለውም። ጂም ውስጥ በ10 ኪሎ ከዳሌ መታጠፍን ካልተማረ ቤቱ ውስጥ በ50 ኪሎ ከወገቡ ይታጠፋል።

ባርቤል ከመሬት ማንሳት አያስፈልገውም ካልክ ግን እስማማለሁ፣ በተለይ በኛ አገር ዲስክ። ደረጃውን የጠበቀ ትልቅ ዲስክ ዲያሜትሩ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ብረቱ ከመሬት 22.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ብረታ ብረት ቤት የሚቆረጡት ብዙዎቹ ከዚያ በጣም ያንሳሉ። የዲስኩ ዲያሜትር 30 ከሆነ ብረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው። በቁመት ረዘም ያለ ሰው እዚያ ለመድረስ ወገቡን ሳያጎብጥ አይችልም፣ ጥፋቱም የሱ አይደለም። ባርቤል ላይ የምትደርሱበት ቀን ሲመጣ ከሁለቱም ዲስኮች ሥር ጣውላ ደርድርና ብረቱን እስከ ጉልበቱ በታች አድርሰው፤ ከዚያ እንደ ችሎታው ጣውላውን አንድ በአንድ አውጣ።

አዲስ አሠልጣኝ (ጠያቂ)

የዲስኩን ነገር አሁን ለካሁት፤ 32 ሳንቲ ሜትር ነው። አመሰግናለሁ። ጋሼን በተመለከተ፣ ግፊታቸው ስንት ሲሆን ነው የማላሠራቸው? የልብ ምትስ በእጅ ሰዓት እየተከታተልኩ ብወስን?

ነርስ ዘ ጤና ጣቢያ

በመጀመሪያ ልኬቱ ልክ ይሁን። ቡና ከጠጡ ወይም ደረጃ ከወጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ ጀርባቸውን ደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በጃኬት ላይ አይለካም። ብርድ ስለሆነ ብዙ ሰው እጅጌውን ብቻ ሰብስቦ ይለካል፤ የተሰበሰበው ልብስ ክንድ ስለሚያንቅ ቁጥሩን ያዛባል።

የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ በዚያ ቀን ብረት የለም። አምስት ደቂቃ አሳርፈህ ድገመው፤ ካልወረደ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ከዚያ ጋር ደረት የሚያማቸው፣ ዓይናቸው የሚጋረድ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ አሁኑኑ ይሂዱ። 160 በ100 እና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ካየህ ሐኪማቸው መድኃኒቱን እስኪያይ ድረስ እርምጃና ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ይሥሩ።

የልብ ምት ላይ አትመካ። አቴኖሎልን የመሰለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምታቸው በጥረት ልክ አይጨምርም፤ ሰዓቱ "ገና ነዎት" እያለ እሳቸው ደክመዋል። በንግግር ለካቸው። ዙሩን እንደጨረሱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታቸው ክብደቱ ወይም ፍጥነቱ በዝቷል።

ትልቁ ነገር ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ታምቆ ብረት ሲገፋ ግፊት በቅጽበት ይተኮሳል። ሲገፉ ያስወጡ፣ ሲመልሱ ያስገቡ፤ እስከ አሥር ጮክ ብለው እየቆጠሩ እንዲሠሩ ብታደርግ ማመቅ አይችሉም። ብረት አጥብቆ መጨበጥና ረጅም ፕላንክም ያው ስለሆነ ለሳቸው ከ10 እስከ 15 ድግግሞሽ በቀላል ክብደት፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ተኩል ወይም ሁለት ደቂቃ ዕረፍት ይሻላል። ተኝተው የሚሠሩትን ቤንች በመቀመጥ ወይም በመቆም ኬብል በመግፋት ቀይረው። ከተኙበት ብድግ ሲሉ የማዞር ነገር አለ፣ በተለይ አምሎዲፒንና ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ለሚወስዱ። በዚሁ ምክንያት ሲጨርሱ እንቅስቃሴውን በድንገት አያቋርጡ፤ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይራመዱ።

ብረት ገፊ

የ22 ዓመቱ ልጅ ቀላል ነው። ቤንቹ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ይውረድ፣ በጠቅላላው በሳምንት ስምንት ዙር። ክርኑ ከጎኑ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ እየተንጋደደ ከሆነ የትከሻው ፊት የሚቆጣው ለዚያ ነው፤ 45 ገደማ ያድርገው፣ ብረቱም ከጡት በታች ይረፍ። ሕመሙ እስኪለቅ ባርቤሉን ትቶ በደምቤል መዳፎቹን እርስ በርስ ፊት ለፊት አድርጎ ይግፋ፣ ወይም ፑሽ አፕ ይሥራ። ለአንድ ዙር መግፋት ሁለት ዙር መሳብ። ከአንገት ጀርባ የሚገፋ ባርና ብረትን እስከ አገጭ መሳብ ጭራሽ ይቅር። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ካቃተው ወይም ክንዱ አልነሳ ካለ ሐኪም ይየው።

መንዝ ጓሳ

ስለ ብርዱና ስለ ጾሙ ማንም ስላላነሳ ልጨምር።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ ሰልጣኝ ካለህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያንስበት ትንፋሹ ነው፣ የጡንቻው ጥንካሬ ብዙም አይቀንስም። ክብደቱን አትቀንስበት፣ በዙሮች መካከል ሠላሳ ሰከንድ ወይም አንድ ደቂቃ ጨምርለት። ጠዋት ውርጭ ባለበት ሰዓት ማሟሟቂያው ከአሥር ደቂቃ አይነስ፤ ከዚያም ወደ ሥራው ክብደት በቀጥታ አትግባ። በግማሹ 8፣ በሦስት አራተኛው 4 ጊዜ ሠርቶ ይግባ። ሹራባቸውን የሚያወልቁት ላብ ሲጀምር ነው።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በዚህ ጊዜ የመጨመር ዕቅድ አታውጣ፣ ያለውን ጠብቅ። ክብደቱን እንዳለ ትተህ ዙሩን ከሦስት ወደ ሁለት አውርድ፤ ጥንካሬ በዚህ አይጠፋም። በተቃራኒው ክብደቱን አቅልለህ ድግግሞሹን ብታበዛባቸው ባዶ ሆዳቸውን ይደክማሉ፣ ጥንካሬውም አይቆይም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከበላ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ 11 ሰዓት አካባቢ ቢመጣ ጥሩ ነው። የግፊት መድኃኒት በጾም ምክንያት አይዘለልም፤ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በባዶ ሆዱ ብረት አይነካም።

ፕሮቲን ላይ ሰው ራሱን ያታልላል። ጥንካሬ ለሚሠራ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። ለአንድ ሰው ወጥ 50 ግራም ሽሮ ቢገባ የሚገኘው አሥር ግራም ገደማ ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ ሽሮው ላይ ምስር ወይም ክክ፣ ከዚያ የባቄላና የሽምብራ ቆሎ፣ ለውዝም ይታከል።

ከሁሉ በላይ ስግደትን ቁጠር። በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይ ስቅለት ዕለት፣ እናታችን በአንድ ቀን የሚሰግዱት አንተ በሳምንት ከምታሠራቸው ቁጭ ብድግ ይበልጣል። በዚያ ሳምንት የእግር ልምምድ አታሠራቸው። ይልቅ ከወዲሁ ከመሬት መነሳትን አለማምዳቸው፤ አንድ ጉልበት መሬት፣ አንድ እግር ፊት፣ እጅ ቤንች ላይ፣ ከዚያ ቀና። ቀኑ ሲደርስ ጉልበታቸው ይሸከማቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዲስኮቹን ወፍጮ ቤት ወስደህ በእህል ሚዛን አስመዝናቸው። "10" ተብሎ የተጻፈበት 8.5 ወይም 11 ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኝ የተለያየ ክብደት የሚገፋ ሰው ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ አንተም አቋሙን ስታርም ትውላለህ። ትክክለኛውን ኪሎ በቀለም ጻፍበት። ባርቤሉ ከቧንቧ የተሠራ ከሆነም ክብደቱ እንደ መደበኛው 20 ኪሎ አይደለምና እሱንም መዝነው።

አዲስ አሠልጣኝ (ጠያቂ)

ለእናታችን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይህን አወጣሁ፣ እዩልኝ፦ ማሟሟቂያ 10 ደቂቃ፤ ከ52 ሳንቲ ሜትር ወንበር መነሳት 3 በ8 (3 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ)፤ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ መውጣት 3 በ10፤ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ 3 በ10፤ ኬብል መሳብ 3 በ10፤ ፕላንክ አንድ ደቂቃ።

ፊዚዮ ሸዋ

ጥሩ ነው፣ አራት ነገር አስተካክል። መውጫው 20 በዛ፣ በ10 ጀምር። ሁለቱን የእግር ልምምዶች አታከታትል፤ በመካከላቸው ፑሽ አፑን አስገባ፣ ጉልበቱ ይረፍ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሁለት ዙር ይሁን። የአንድ ደቂቃ ፕላንኩን አውጥተህ እጃቸውን ቤንች ላይ አድርገው 15 ሰከንድ፣ አራት ጊዜ ይያዙ። የቀረህ ተሸክሞ መሄድ ነው፤ በሁለት እጃቸው አምስት አምስት ሊትር ጀሪካን ይዘው 20 ሜትር፣ ሦስት ጊዜ። ጀሪካኑን እስከ አፉ ሙላው፤ ጎደሎ ከሆነ ውኃው እየተናጠ ይጎትታቸዋል።

ሰኞ ካሠራሃቸው ማክሰኞ ጠዋት ደውለህ "ደረጃ ሲወርዱ ስንት ነው?" ብለህ ጠይቅና ቁጥሩን ጻፍ። የረቡዕን መጠን የምትወስነው እሱን አይተህ ነው።